ለሁለት ነገሥታት ደጅ የተላከች ሥዕል

ሮማ የኖረ ወይም ያለፈባት ሐበሻ ተርሚኒን አያጣትም። የባቡር ጣቢያዋ ናት፤ አገር ቤት የሚላክ ዕቃ የሚቀባበሉባት፣ ወገን ከወገን የሚቃጠርባት። ከጣቢያዋ ፊት ለፊት የተንጣለለው አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ» ይባላል። አምስት መቶዎቹ በ1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር የወደቁት ጣልያኖች ናቸው። ብዙ ወገናችን በየቀኑ የሚያቋርጠው የአሉላን ድል ምስክር ነው ማለት ነው። (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራላችሁ።)

ከዚያ አደባባይ ጥቂት እንደተራመዳችሁ ሳንታ ማሪያ ማጆሬ የምትባለው ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ትገጥማችኋለች። ፖፕ ፍራንሲስ በሚያዝያ 2025 የተቀበሩባት ናት። ግቡና በስተግራ ወዳለው ጸሎት ቤት አቅኑ። ከመንበሩ በላይ፣ በከበሩ ድንጋዮች መካከል፣ ከ1613 ጀምሮ እዚያው የተቀመጠች አሮጌ የእንጨት ሥዕል አለች። ሮማውያን የከተማችን ጠባቂ ይሏታል። ወንጌላዊው ሉቃስ በእጁ የሣላት ናት የሚል ትውፊትም አላቸው።

ቀና ብላችሁ እዩዋት። እመቤታችን ጥቁር ሰማያዊ መጎናጸፊያ ለብሳለች፤ ጠርዙ ወርቅ ነው። ልጇን በግራ ክንዷ አቅፋ ሁለት እጆቿን ከፊቷ አመሳቅላለች። የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች ወደ ታች ተዘርግተዋል፤ በግራዋ መሐረብ ይዛለች። ሕፃኑ በአንድ እጁ መጽሐፍ ይዞ በሌላው ይባርካል። በአገራችን ቤተ ክርስቲያን ያደገ ሰው እዚህ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ይቆማል። እነዚያን ሁለት ጣቶችና ያንን መሐረብ ያውቃቸዋላ! ምስለ ፍቁር ወልዳ ናት። በጎንደርም በጎጃምም በጣና ደሴቶችም መጋረጃ ሲገለጥ ያያት ናት።

እንዴት ከዚህ እዚያ ደረሰች? ይህን ለማውራት ህንድ መሄድ አለብን። ህንድ ስላችሁም በመንገድ ላይ ለማረፍ አይደለም። ሥዕሏ ያንኑ መንገድ ይዛ የሂንዱ ነገሥታትና አማልክት ታሪክ የሚሣልበት የአንድ ታላቅ ንጉሥ ቤት ገብታለችና።

ነገሩ የተጀመረው በ1569 ነው። የኢየሱሳውያን ማኅበር ሦስተኛ አለቃ የነበረው ፍራንቼስኮ ቦርጃ ይህችን ሥዕል ለማስቀዳት ፖፕ ጲዮስ 5ኛን ፈቃድ ጠየቀና አገኘ። ሐሳቡ ቅጂዎቿን ሚሲዮናውያኑ ወደሚሄዱበት አገር ሁሉ መላክ ነበር። ቃል የማይገባው ሕዝብ በዓይኑ ይረዳል ብሎ ነው። ቅጂዎቿ ባሕር ተሻግረው ጎዋ ገቡ። ጎዋ በህንድ ምዕራብ ዳርቻ ፖርቹጋሎች የያዟት ከተማ ናት። ሰሜን ህንድን ይገዙ ወደነበሩት ሙጋሎች ቤተ መንግሥት የሚሄደውም ወደ ኢትዮጵያ የሚሄደውም ኢየሱሳዊ የሚነሣው ከእርሷ ነበር። ይህቺን ከተማ በልባችሁ ያዙልኝ።

በ1579 የሙጋሎቹ ንጉሥ አክባር ወደ ጎዋ መልእክት ሰደደ፤ ሊቃውንቶቻችሁን ላኩልኝ፣ መጽሐፋችሁንም ይዘው ይምጡ አለ። አክባር እስላም ነው፤ ከሚገዛው ሕዝብ የሚበዛው ሂንዱ ነው። ራሱ ማንበብ አልለመደም፤ መጽሐፍ የሚያውቀው እየተነበበለት በጆሮው ነበር። ነገር ግን እንደ እርሱ ለመጽሐፍ የተጨነቀ ንጉሥ ጥቂት ነው። በየካቲት 1580 ሦስት ኢየሱሳውያን ፋቴህፑር ሲክሪ ከምትባለው ቀይ ድንጋይ ከተማው ደረሱ። መሪያቸው የጣልያን መስፍን ልጅ ሩዶልፎ አኳቪቫ ነው። ከእርሱ ጋር አንቶኒዮ ሞንሴራቴ የሚባል የካታሎኒያ ሰው አለ። የእርሱን ስም አትርሱብኝ፤ ወደ እኛም ጉዞ ጀምሯልና።

መጽሐፍ ቅዱሱን በብዙ ጥራዝ አበረከቱለት። አክባር ጥምጥሙን አውርዶ እያንዳንዱን ጥራዝ ከራሱ ላይ አስነክቶ ሳመ። ቀጥሎ ወደ ጸሎት ቤታቸው መጣ። ከሮማዋ የተቀዳችው ሥዕል እዚያ ተሰቅላለች። ንጉሡ በፊቷ ቆመና አስቀድሞ እንደ እስላም እጅ ነሣ። ቀጥሎ እንደ ክርስቲያን ተንበረከከ። በመጨረሻም እንደ ሂንዱ ከመሬት ተደፋ። እግዚአብሔር በሕዝብ ሁሉ ወግ ሊሰገድለት ይገባል አለ። ካህናቱ በደስታ ይህን ወደ አገራቸው ጻፉ፤ ንጉሡ የእኛ ሊሆን ነው ብለው ተስፋ አደረጉ። አልሆነላቸውም። አክባር ሦስቱንም ስግደት የሰገደው አንዱን መርጦ ሁለቱን ሊተው አልነበረም።

ለእኔ ግን የዚያን ጊዜው ታላቅ ነገር ንጉሡ ተመልሶ የመጣበት ነው። ሲመለስ የሥዕል ቤቱን አለቃና ሌሎች ሠዓሊዎቹን አስከትሎ መጣ። ሠዓሊዎቹ ሥዕሏን አይተው እጅግ ተደነቁ። ካህናቱ ዓይናቸው ንጉሡ ላይ ነበር፤ የሮማዋ ሥዕል ሥራዋን የሠራችው ግን ከንጉሡ ኋላ በቆሙት ሰዎች ላይ ነው።

እነዚያ ሰዎች እነማን ነበሩ? አንዱን ልንገራችሁ። ዳስዋንት ይባላል። መኳንንትን በትከሻቸው ተሸክመው ከሚያጓጉዙ ድሆች ወገን የተወለደ ነው። ልጅ ሳለ ባገኘው ግድግዳ ላይ ሁሉ ይሥል ነበርና አንድ ቀን የአክባር ዓይን አረፈበት። ንጉሡ ከፋርስ ለመጣው መምህር ለአብዱስ ሰመድ ሰጠው። ጥቂት ቆይቶ ከመምህሩም ከባልንጀሮቹም በላይ ሆነ። የንጉሡ ታሪክ ጸሐፊ አቡል ፋዝል ከፊት ካስቀመጣቸው ሠዓሊዎች አንዱ ነው። ከእርሱ ቀጥሎ የጠራው ባሳዋን ፊትን በመሣልና ብርሃንና ጥላን በመለየት የተካነ ነበር፤ አንዳንድ አዋቂ ባሳዋንን ከዳስዋንት ያስበልጥ እንደነበርም ጽፏል።

በ1582 አክባር ለእነዚህ ሰዎች የሕይወታቸውን ታላቅ ሥራ አዘዘ። የሂንዱዎቹ ማሃባራታ ወደ ፋርስኛ ተመልሶ በሥዕል እንዲሞላ አለ። ማሃባራታ የአንድ አያት ልጆች የሆኑ ሁለት የመሳፍንት ወገኖች ለዙፋን የተላለቁበት ታሪክ ነው፤ 100,000 ያህል ጥንድ ስንኝ አለው። የህንድ ሊቃውንት ሳንስክሪቱን በህንድኛ ያብራራሉ፤ የእስላም ጸሐፊዎች በፋርስኛ ይከትባሉ። ከእነርሱ አንዱ ባዳኡኒ ሃይማኖተኛ ሰው ነውና የጣዖት ተረት ለምን እጽፋለሁ ብሎ በምሬት አጉረምርሟል፤ ምሬቱን በራሱ የታሪክ መጽሐፍ አስቀርቶልናል። አክባር ግን ሁለቱ ሕዝቦቼ አንዱ የሌላውን መጽሐፍ ሳያውቅ አይናናቅ ብሎ ቆርጧል። መጽሐፉ ራዝምናማ፣ የጦርነት መጽሐፍ፣ ተባለ። በ1586 ገደማ ሲያልቅ ከ160 የሚበልጡ ሥዕሎች ነበሩበት። ዛሬም በጃይፑር ተጠብቆ ይኖራል።

ዳስዋንት ፍጻሜውን አላየም። አእምሮው ታወከና በ1584 በገዛ እጁ ሞተ። የእርሱ ንድፍ ያለባቸው ሥዕሎች ግን በራዝምናማ ውስጥ አሉ፤ እርሱ ንድፉን ያወጣል፣ ሌላው ቀለሙን ይሞላል፣ ሲያስፈልግም ሦስተኛው ፊቶቹን ይሥላል። የሥዕል ቤቱ አሠራር እንዲያ ነበር። ወረቀቱ በለስላሳ ድንጋይ እየታሸ እስኪያብረቀርቅ ይዘጋጃል። ብሩሹ ከሽኮኮ ጭራ የተነቀለ ፀጉር ነው፤ ቀጭኑ ቅንድብ ለመሣል ይበቃል።

አሁን ከዚያ ሥዕል ቤት ከወጡት አንዱን ጠጋ ብለን እንይ። ከማሃባራታ ጋር ተያይዞ ከሚነበበው ከሃሪቫምሳ መጽሐፍ ነው፤ በ1590ዎቹ መጀመሪያ ተሥሎ ዛሬ ኒው ዮርክ በሜትሮፖሊታን ሙዚየም አለ። ሠዓሊው ሚስኪን ነው ይባላል። ታሪኩ እንዲህ ነው፤ የብራጅ እረኞች ለዝናም አምላክ ለኢንድራ መሥዋዕት ያቀርቡ ነበር። ሂንዱዎች እንደ አምላክ የሚያዩት ወጣቱ ክሪሽና ከብቶቻችንን የሚያበላልን ተራራው ነውና ተራራውን እናክብር አላቸው። ኢንድራ ተቆጣ፤ ሰባት ቀን ሙሉ የጥፋት ዝናም አወረደ። ክሪሽና ጎቫርዳን የተባለውን ተራራ ከሥሩ ነቅሎ በአንድ ጣቱ አነሣውና ሕዝቡንም ከብቱንም ከሥሩ አስጠለለ።

ሚስኪን ይህን እንዴት እንደሣለው ተመልከቱ። ተራራው ገጹን ከላይ ሞልቶታል፤ ዓለቱ ሐምራዊ፣ አረንጓዴ፣ ቡናማ እየሆነ እርስ በርሱ ተጣጥፏል። መካከል ላይ ቆዳው የጠቆረው፣ ቢጫ የለበሰው ክሪሽና አለ፤ እጁን ወደ ላይ ዘርግቷል፣ ፊቱ ላይ ድካም የሚባል የለም። ከግራና ከቀኝ ሕዝቡ ታጭቋል፤ ላሞችና ፍየሎችም አብረው አሉ። ልቤን የሚነካኝ የሕዝቡ ፊት ነው። ሁለት ተመሳሳይ ፊት የለም። ሽማግሌው የራሱ ሽማግሌ ነው፤ ሴቲቱም የራሷ ሴት። ጉንጭ ላይ ጥላ ያርፋል፣ የልብስ እጥፋት ከሥሩ ያለውን ጉልበት ያሳያል፣ ወደ ኋላ ያለው ከፊት ካለው ያንሳል። ከአክባር በፊት በነበረው የህንድም የፋርስም ሥዕል ፊት እንዲህ ሥጋ አልነበረውም። ይህ ጥበብ በ1580ና ከዚያ ወዲህ ከአውሮፓ በመጡ ሥዕሎችና ኅትመቶች ፊት ቆመው ካዩት የወሰዱት ነው። ሆኖም ማርያምን ለመሣል ብቻ አላዋሉትም። ለክሪሽናና ለእረኞቹ ሰጡት።

ሮማ በዚያ ሥዕል ቤት ምን ያህል እንደገባች ከፈለጋችሁ ኬሱ ዳስን ላምጣላችሁ። በስሙ እንደምትሰሙት ሂንዱ ነው። በ1580ዎቹ አንድ ቅዱስ ሄሮኒሞስ ሣለ፤ ሥዕሉ ዛሬ ፓሪስ በጊሜ ሙዚየም ይገኛል። መነሻው ማሪዮ ካርታሮ በ1564 የቀረጸው ኅትመት ነው። ካርታሮ ደግሞ ያንን የተጋደመ አካል ያገኘው ማይክል አንጄሎ ቫቲካን ሲስቲና ጸሎት ቤት ጣራ ላይ ከሣለው ከሰካራሙ ኖኅ ነው። ኬሱ ሮማን አላያትም። ጣራዋ ላይ የተኛው ኖኅ ግን በወረቀት ተጠቅልሎ ህንድ መጣለትና በእጁ ሌላ ሽማግሌ ሆነ።

አሁን ወደ ሞንሴራቴ እንመለስ። አክባር ዘንድ ሳለ የልዑል ሙራድ አስተማሪ ነበር፤ ንጉሡ ወደ ካቡል ሲዘምትም ተከትሎ ሄዷል። ያየውን ሁሉ ማታ ማታ ይጽፍ ነበር። በ1582 ወደ ጎዋ ተመለሰ። በ1589 ደግሞ አዲስ ትእዛዝ መጣለት፤ ወደ ኢትዮጵያ ሂድ ተባለ። ጓደኛው ገና 25 ዓመት ያልሞላው ፔድሮ ፓኤዝ ነው። ልብ በሉልኝ፣ የሮማዋን ሥዕል ለአክባር ያሳየው ሰው ፓኤዝን ይዞ ወደ እኛ መንገድ ጀመረ!

የአርመን ነጋዴ መስለው ተነሡ። በደቡብ ዓረብ ዳርቻ ተያዙ፤ በሐድረመውት በረሃ በእግራቸው ተነዱ። እዚያ አንድ ሱልጣን ቡን ከሚባል ፍሬ ቅርፊት የተፈላ መጠጥ እንደሰጣቸው ፓኤዝ በኋላ ጽፏል። ኢትዮጵያን ሳያዩ ቡናን ቀመሱ። ከዚያ ሰንዓ ላይ የቱርክ እስረኞች ሆኑ፤ እስከ 1596 ድረስም አልተለቀቁም። ሞንሴራቴ በዚያ እስር ቤት ተቀምጦ ስለ አክባር የጻፈውን መጽሐፍ በላቲን አጠናቀቀ። ስለ ሥዕሏና ስለ ንጉሡ ብዙ የምናውቀው ወደ ኢትዮጵያ ሲሄድ በታሰረ ሰው እጅ ነው ማለት ነው። የመጽሐፉ የእጅ ጽሑፍ ጠፍቶ ቆይቶ በ1906 ካልካታ ውስጥ ተገኘ። ሞንሴራቴ ግን ኢትዮጵያን ሳይረግጥ በ1600 ጎዋ አጠገብ አረፈ።

ፓኤዝ አልታከተም። በ1603 ምጽዋ ገባና አድዋ አጠገብ ፍሬሞና ደረሰ። አማርኛና ግዕዝ ተማረ፤ የአፄ ሱስንዮስ ወዳጅ ሆነ። የተከተለውን ታሪክ እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ንጉሡ በ1622 የሮማን ሃይማኖት ተቀበለ፣ አገር በደም ታጠበ፣ በ1632 ሱስንዮስ የተዋሕዶን ሃይማኖት መልሶ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ተወ። ፋሲል ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጣ።

ሥዕሏ ግን አልወጣችም።

ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ሰዎቹ ተባረሩ፣ ትምህርታቸው ተወገዘ፤ ይዘዋት የመጡት ሥዕል ግን በመቅደሳችን ቀረች። ማርያምን መሣል ከእነርሱ የተማርነው አይደለም፤ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ፍሬ ጽዮን የሚባል ሠዓሊ ሲሥላት ነበር። ከሮማዋ የተወሰደው የእጆቿ አቀማመጥ፣ መሐረቧና የሕፃኑ መጽሐፍ ነው። የጎንደር ሠዓሊ ይህን ወሰደና ሚካኤልንና ገብርኤልን ሰይፍ አስመዝዞ ግራና ቀኝ አቆመላት። ዓይኖቿን አተለቃቸው። መጎናጸፊያዋን ኮከብ አስጌጠው። ካህኑ ዕጣን ሲያጥንላት ከሮማ መጣች ብሎ የሚያስብ ማን አለ? አያስፈልገውምም፤ የእርሱ ሆናለች።

ከሁሉ ደግሞ ናርጋ ሥላሴ። ከባሕር ዳር በጀልባ ተነሥታችሁ ደቅ ደሴት ድረሱ፤ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዘመን ያሠራችው ቤተ ክርስቲያን ነው። በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ማርያም ከነልጇ ተሥላለች፤ ከእግሯ ሥር እቴጌዋ ወደ ምድር ተደፍታለች። ልብሷ ያጌጠ የነገሥታት ልብስ ነው፤ ክብሯን ሳታወልቅ ነው የወደቀችው። ፋቴህፑር ሲክሪ ላይ አክባር በሦስተኛው ስግደት ከመሬት የተደፋው በዚያችው በሮማዋ ሥዕል ቅጂ ፊት ነበር። አክባርና ምንትዋብ በዘመን አይገናኙም።

አንድ ልዩነት ግን ሳልነግራችሁ አላልፍም። በእኛ ሥዕል ጻድቁ ፊቱን ወደ እናንተ መልሶ በሁለት ዓይኑ ያያችኋል፤ ኃጥኡ በጎን ይሣላል፣ አንድ ዓይን ብቻ ይኖረዋል። በሙጋሎቹ ዘንድ ከአክባር ልጅ ከጃሃንጊር ዘመን ወዲህ በጎን የሚሣለው ንጉሡ ራሱ ነው፤ ክብር በአንድ ዓይን ይገለጣል። እንግዲህ አንድ የእኛ ሰው በጎን ተሥሎ ብታዩ በጎንደር ዓይን አትፍረዱበት። እንዲህ ያለ ሰው አለና። ማሊክ አምባር ነው።

አምባር በ1548 ገደማ ኢትዮጵያ ውስጥ የተወለደ፣ በልጅነቱ ለባርነት የተሸጠ፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጋገር ህንድ ደቡብ የደረሰ ሰው ነው። እዚያ ጦር አደራጅቶ የአሕመድናጋር መንግሥት ባለሥልጣን ሆነ፤ ንጉሥ የሚያነግሠው እርሱ ነበር። የሙጋሎቹን ጦር ለሃያ ዓመት በላይ በሽምቅ ውጊያ አደከመው። ከተዋጉት አዛዦች አንዱ አብዱር ራሂም ኻን ይባላል። ይህ ሰው የሂንዱዎቹን ሌላ ታላቅ ታሪክ ራማያናን ለራሱ በሥዕል ያስጻፈ ነው፤ መጽሐፉ በ1605 አልቆ ዛሬ ዋሽንግተን ይገኛል። ቀን ከአምባር ፈረሰኞች ጋር የሚዋጋ ጌታ፣ ራማ ከአጋንንቱ ንጉሥ ጋር የሚዋጋበትን ገጽ እያስሣለ ነበር።

በ1616 ገደማ አቡል ሀሰን የሚባለው ሠዓሊ ለጃሃንጊር አንድ ሥዕል ሠራ፤ ደብሊን በቼስተር ቢቲ ቤተ መጻሕፍት አለ። ጃሃንጊር በሉል ምድር ላይ ቆሞ ቀስት ይስባል። ምድሪቱን በሬ ተሸክሟል፣ በሬውን ዓሣ። ፊት ለፊቱ በጦር ጫፍ የተሰካ ጥቁር ራስ አለ፤ የአምባር ራስ ነው፣ ጉጉት ተቀምጦበታል። ከላይ ከአውሮፓ ሥዕል የመጡ ክንፋም ሕፃናት ለንጉሡ መሣሪያ ያቀብላሉ። ማሃባራታን እየሰማ ያደገ ሰው ቀስተኛውንና ዓሣውን ሲያይ የዓሣ ዓይን በቀስት መትቶ ልዕልቲቱን ያገባውን አርጁናን ሳያስታውስ አይቀርም። እኔ ሳየው ግን የምቆጨው ለራሱ ለአምባር ነው። ጃሃንጊር በጦር ሜዳ ያጣውን በወረቀት አገኘው፤ ያ ራስ መቼም በእጁ አልገባም።

በ1617 አምባርን በአካል ያገኘው የደች ነጋዴ ፒተር ፋን ደን ብሩከ ከሐበሻ አገር የመጣ ጥቁር ሰው መሆኑን ጽፎ፣ ፊቱ ኮስታራ የሮማዊ ፊት ነው ብሏል። ሠዓሊው ሃሽም በ1620 ገደማ የሣለው ምስልም አለ፤ ነጭ የለበሰ አዛውንት ነው፣ በጎን፣ በግርማ፣ ራሱ ከትከሻው ላይ ነው። በ1626 ሰማንያ ሊደፍን ሲል ሳይሸነፍ ሞተ፤ ኹልዳባድ ላይ በክብር ተቀበረ። የጃሃንጊር ታሪክ ጸሐፊ ሙእተመድ ኻን የሞቱን ዜና ሲመዘግብ በውጊያም በአገዛዝም ወደር ያልነበረው፣ እስከ ዕለተ ሞቱ በክብር የኖረ ሰው እንደነበር በገዛ እጁ ጻፈለት።